ፎንቱን ከመቀየር በፊት

አንድ የአማርኛ ገጽ ሲበላሽ በየቢሮውና በየማተሚያ ቤቱ የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ አንድ ነው፤ ፎንት መቀየር። ኒያላ ካልሆነ ኤብሪማ፣ ኤብሪማ ካልሆነ አቢሲኒካ፣ እሱም ካልሆነ ጓደኛ በፍላሽ ያመጣው ምንጩ የማይታወቅ ፎንት ይሞከራል። አንዳንዴ ይሳካል። ብዙ ጊዜ ግን አንዱ ችግር ሲሸፈን ሌላው ብቅ ይላል፤ ሳጥኖቹ ይጠፉና መስመሮቹ ይራራቃሉ፣ መስመሮቹ ሲስተካከሉ አራት ነጥቡ ብቻውን ወደ ታችኛው መስመር ይወርዳል። ይህ ዳሰሳ የአማርኛን የኮምፒውተር ለቀማ የሚያውኩት የፎንትና የክፍተት ችግሮች ከየት እንደሚመጡ ለይቶ ለማየት ይሞክራል። እኔ እንደማየው ከመካከላቸው በእርግጥ ከፎንት የሚመጡት ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት ጽሑፉ ከተቀመጠበት ኮድ፣ ከተየበው ሰው ጣትና ከሶፍትዌሩ ልማድ የሚመነጩ ሲሆኑ፣ ከሁሉም የከበደው ደግሞ እኛ ራሳችን ሳንወስን ያቆየነው ጉዳይ ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ከማይነበብበት ሁኔታ እንጀምር። አለመነበብ ሁለት መልክ አለው። አንዱ በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን መታየቱ ነው፤ ሌላው የላቲን ፊደል፣ የሒሳብ ምልክትና የጥቅስ ጭረት የተቀላቀለበት ዝብርቅርቅ መውጣቱ። ሳጥን ሲታይ ኮምፒውተሩ ፊደሉን አውቆታል፣ ቅርጹ ግን በተመረጠው ፎንት ውስጥ የለም። እዚህ ላይ ፎንት መቀየር ተገቢ ነው። ዝብርቅርቁ ግን የድሮ ዘመን ውርስ ነው። ለዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ የሚሰጠው ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ፊደላችን ደግሞ ከነዲቃላው፣ ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ይበልጣል። የዚያን ጊዜ ባለሙያዎች ወይ ገበታውን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች አከፋፈሉት፣ ወይ የፊደሉን አካልና ቅጥያ ለየብቻ አስቀምጠው ሲተየብ እንዲገጣጠሙ አደረጉ። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። የፓወር ግዕዝና የቪዡዋል ግዕዝ ቀደምት ፎንቶች የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። በእነሱ የተጻፈ ፋይል ውስጥ ያለው ግን የላቲን ፊደል ኮድ ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ 345 ምልክቶች ነበሩት። ከዚያ ወዲህ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 በተጨመሩት ቁጥሩ 523 ደርሷል። ነገር ግን ኮዱ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ሶፍትዌሩ መከተሉ ሌላ። የሀገራችን ጋዜጦችና መጻሕፍት ለዓመታት የተለቀሙበት ፔጅሜከር እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው በመጨረሻው 7.0 እትሙም ዩኒኮድን አይደግፍም ነበር። ኳርክኤክስፕረስም እስከ 2006 ድረስ አልደገፈም። በዚህ ምክንያት ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ብዙ ጽሑፍ በድሮው መንገድ መለቀሙ ቀጠለ፤ ዛሬ በየማተሚያ ቤቱ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው የድሮ ፋይል በዎርድ ሲከፈት ዝብርቅርቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔው የትኛው የፎንት ቤተሰብ እንደነበር አጣርቶ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፋይሉ ውስጥ እውነተኛ እንግሊዝኛ ካለ፣ ኮዱ ከድሮው አማርኛ ኮድ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ፎንቱን ሳይለይ በጅምላ የሚሠራ መለወጫ እሱንም ትርጉም ወደሌለው የፊደል ክምር ይለውጠዋል። የውጭ ስሞችንና የድረ ገጽ አድራሻዎችን አስቀድሞ መለየት፣ ካልሆነም ከልወጣው በኋላ ከታተመው ቅጂ ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ከሳጥኑ የከፋው ሳጥን የማይታይበት ጉድለት ነው። ዎርድ ፊደሉን በፎንቱ ውስጥ ሲያጣው ዝም ብሎ ከሌላ ፎንት ይበደርና ይሞላል። ውጤቱ በአንድ ቃል ውስጥ አንዱ ፊደል ወፍሮ ሌላው ቀጥኖ መታየቱ ነው። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው በማይዘወተሩ ዲቃላዎች፣ ዘግይተው በተጨመሩት የጉራጌ ቋንቋዎች ፊደላትና መጥበቅን በሚያሳዩት ከፊደል በላይ በሚቀመጡ ነጥቦች ላይ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፤ ቃሉን ሲመርጡት የፎንት ስም የሚታይበት ሳጥን ባዶ ከሆነ ውስጡ ከአንድ በላይ ፎንት አለ። የገጽ ማቀናበሪያው ኢንዲዛይን በበኩሉ ቅርጹን ሲያጣ ጉድለቱን በሳጥን ያሳያል፣ ፎንቱ ራሱ ከሌለ ደግሞ ጽሑፉን ሮዝ ይቀባዋል። ብዙ ዲዛይነሮች በዚህ ይማረራሉ። እኔ ግን ከሚሸፋፍን ፕሮግራም የሚያጋልጠውን እመርጣለሁ፤ ከ3 ሺህ ቅጂ በኋላ ከማየት በስክሪን ላይ ማየት ይሻላል።

የዚሁ የመበደር ነገር ዘመድ የሆነው የአኃዝና የስፔስ ልዩነት ነው። «በ1914» ብለን ስንጽፍ «በ» ከአማርኛው ፎንት፣ «1914» ከላቲኑ ፎንት ይመጡና ቁጥሩ ከፊደሉ ተልቆ ይቆማል። ስፔስም እንዲሁ ነው። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሮ፣ አንድ ቃል ጽፎ፣ ተመልሶ አማርኛ የቀጠለ ሰው በመካከል የተጫነው ስፔስ የየትኛው ፎንት እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። የሁለቱ ስፋት ስለሚለያይ፣ በሁለቱም ዳር እኩል ባልተደረገ (ጀስቲፋይ ባልሆነ) ጽሑፍ ላይ እንኳ ክፍተቱ እዚህ ሰፋ እዚያ ጠበብ ይላል። አንቀጹን በሙሉ መርጦ ለአማርኛውም ለላቲኑም ክፍል አንድ ፎንት መስጠት አብዛኛውን ጊዜ ይፈውሰዋል።

የመስመር ርቀት የራሱ ታሪክ አለው። ሁለት ፎንቶች በ12 ነጥብ መጠን ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ትንሽ፣ ሌላው ትልቅ ሆኖ የሚታየው ነጥቡ የሚለካው ፊደሉ የሚያርፍበትን የማይታይ ሣጥን እንጂ ፊደሉን ራሱን ስላልሆነ ነው። በዚያ ላይ አንድ የኦፕንታይፕ ፎንት የከፍታና የዝቅታ ልኩን የሚመዘግብበት ቦታ አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው። ዊንዶውስና ማክ ከእነዚህ የሚያነቡት ሊለያይ ስለሚችል፣ በአንዱ ላይ 30 ገጽ የሆነው ጽሑፍ በሌላው ላይ 33 ሊሆን ይችላል። በአንድ መስመር ላይ ብቻ የተበደረ ፊደል ካለ ደግሞ ያ መስመር ለብቻው ይራራቃል። መስመሩ ሳይታሰብ ከፍ ካለበት ቦታ ፊደል በፊደል መፈተሽ ችግሩን ያገኘዋል። ለዎርድ ተጠቃሚ አስተማማኙ መንገድ የመስመር ርቀቱን «ሲንግል» ከማለት ይልቅ በነጥብ ቆርጦ መስጠት ነው። ከልክ በላይ ከተጨናነቀ ግን የፊደሉ አናት በስክሪን ላይ ይቆረጣል፤ ስለዚህ ከፊደሉ መጠን ቢያንስ ሲሶ ያህል ይጨመርበት እላለሁ።

የኒያላ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጆን ሃድሰንና ጀራልዲን ዌድ የሠሩት ይህ የማይክሮሶፍት ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ወጥቶ ለዓመታት የመንግሥት ደብዳቤ ሁሉ መልክ ሆኖ ነበር። በዊንዶውስ 10 ግን አማራጭ ተጨማሪ ሆነና በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አብሮ መምጣቱ ቀረ፤ ቦታውን ኤብሪማ ያዘ። የሁለቱ ስፋት አይመሳሰልም። ድሮ አንድ ገጽ የነበረ ደብዳቤ በአዲሱ ኮምፒውተር ሲከፈት ፊርማው ብቻውን ሁለተኛ ገጽ ላይ የሚያርፈው ከዚህ የተነሣ ነው። ኒያላን ከዊንዶውስ የአማራጭ ተጨማሪዎች ዝርዝር ውስጥ መልሶ መጫን ይቻላል። ሌላም ነገር አለው፤ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። አድምቅ ሲባል ዎርድ ራሱ ቅርጹን እያደነደነ ያወፍረዋል፣ እንደ ጨ እና ሟ ባሉት ላይም ውስጣዊው ክፍተት በቀለም ይደፈናል። ለርዕስ የሚሆን እውነተኛ ወፍራም ፊደል የፈለገ ሰው ዘጠኝ ውፍረት ያለውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ቢጠቀም ይሻላል። ፊደል ማዝመምን በተመለከተ ደግሞ፣ በእኛ ትውፊት የሚከበር ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል እንጂ አይዘምም፤ ሶፍትዌሩ በግድ ያዘመመው አማርኛ ለዓይን የሚከብደውም ቅርጹ ለዚያ ስላልተሠራ ነው።

ቀጥሎ የጣት ጥፋቶች ይመጣሉ። እነዚህ ተራ ቢመስሉም ከአራሚ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ሰዓት የሚበሉት እነሱ ናቸው። አንደኛው አራት ነጥብን በሁለት የላቲን ኮለን መተካት ነው። ብዙዎቹ የአማርኛ ኪቦርዶች ሁለቴ የተጫነውን ኮለን ራሳቸው ወደ «።» ይለውጡታል፤ ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ ከሆነ ግን ሁለቱ ኮለኖች እንዳሉ ይቀራሉ። ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሶፍትዌሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን አያውቅም፣ ፍለጋም አያገኘውም፣ ቅርጹም ከላቲን ፎንት ስለሚመጣ ከጎኑ ካለው ፊደል ጋር አይመጣጠንም። ሁለተኛው ከአራት ነጥብ በፊት ስፔስ ማስገባት ነው። ስፔሱ ካለ መስመሩ እዚያ ላይ የመሰበር ፈቃድ አገኘ ማለት ነው፤ ነጥቡ ብቻውን ወርዶ መስመር ይከፍታል። ሁለቱንም በፈልግና ተካ በአንድ ጊዜ ማጽዳት ይቻላል። ሦስተኛው መስመር ለመስበር ሺፍትና ኢንተርን አብሮ መጫን ነው፤ ጀስቲፋይ በተደረገ አንቀጽ ላይ በዚህ የተሰበረ መስመር ሁለት ቃል ብቻ ቢኖረውም ከዳር እስከ ዳር ይለጠጣል። ከኢንተርኔት የተቀዳ ጽሑፍ ደግሞ የማይሰበር ስፔስና ስፋት የሌለው ስፔስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የማይታዩ ምልክቶችን የሚያሳየውን ቁልፍ ሳይጫኑ እነዚህን መፈለግ ዓይን ማድከም ነው።

የ«ዶ/ር»፣ የ«ወ/ሮ»ና የ«ት/ቤት» ነገር ግን የተያቢው ጥፋት አይደለም። የዩኒኮድ የመስመር አሰባበር ደንብ ከእዝባር በኋላ መስመር እንዲሰበር ይፈቅዳል፤ ረጃጅም የድረ ገጽ አድራሻዎችን ለመስበር ይጠቅማልና። በዚህም «ዶ/» በመስመሩ መጨረሻ ቀርቶ «ር» በሚቀጥለው መጀመሪያ ላይ ሊገኝ ይችላል። ለዕብራይስጥ ፊደላት ከእዝባር በኋላ እንዳይሰበር የተለየ አንቀጽ ተጽፎላቸዋል፣ ለእኛ ግን አልተጻፈም። በእዝባር የማሳጠር ልማዳችን ስር የሰደደ ሆኖ ሳለ ይህን አለመጠየቃችን ያስገርመኛል። እስከዚያው በኢንዲዛይን ቃሉን መርጦ «አትስበር» የሚለውን ማዘዝ፣ በሌላው ፕሮግራም ከእዝባሩ ቀጥሎ የማይታየውን ቃል አጣባቂ ምልክት ማስገባት ይሠራል።

ዕብራይስጥን ካነሳን፣ በእስራኤል ያሉ አማርኛ አቀናባሪዎች የሚገጥማቸው አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። አንቀጹ ከቀኝ ወደ ግራ እንዲሄድ በተዘጋጀበት ፋይል ውስጥ አማርኛ ሲለጠፍ፣ በጥያቄ ምልክት ወይም በቃለ አጋኖ ያለቀው ዓረፍተ ነገር ምልክቱን በተቃራኒው ጫፍ ያገኘዋል፤ በአራት ነጥብ ያለቀው ግን ደህና ይሆናል። ምክንያቱ በዩኒኮድ የኢትዮጵያ ሥርዓተ ነጥቦች ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄዱ ሆነው ሲመዘገቡ የላቲኖቹ ምልክቶች አቅጣጫ የሌላቸው መሆናቸው ነው። ፎንት ቢቀያየር አይድንም፤ የአንቀጹን አቅጣጫ መቀየር ብቻ በቂ ነው።

ወደ ማተሚያ ቤት የሚላክ ፒዲኤፍ ላይ ብዙ አልቆይም። ፎንቶቹ ፋይሉ ውስጥ መካተታቸውን ከፋይሉ መግለጫ ማየት፣ ፎንቱ መካተትን የሚከለክል ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መስመር (ከርቭ) ለውጦ መላክ ነው። ከርቭ የተደረገ ጽሑፍ ግን አይታረምምና የሚታረመው ቅጂ ይቀመጥ።

በፊደልና በፊደል መካከል ያለውን ክፍተት በሚመለከት ፎንቱ በእርግጥ የሚጠየቅባቸው ቦታዎች አሉ። ገ አናቷ ላይ ወደ ቀኝ የተዘረጋ ክንድ ስላላት ከሥሩ ባዶ ቦታ ትተዋለች፤ ጥንድ ጥንዱን የሚያቀራርብ ሰንጠረዥ በሌለው ፎንት «ገና» የሚለው ቃል በትልቅ ርዕስ ሲጻፍ የተቆረጠ ይመስላል። በእጅ ማቀራረብ ነው። የግዕዝ አኃዞች ደግሞ ከላይና ከታች ያላቸው መስመር ከጎረቤቱ ጋር እንዲገናኝ ሆኖ የተሠራባቸው ፎንቶች አሉ፤ ዲዛይነሩ ርዕሱን ለማስዋብ ፊደላቱን ሲያራርቅ የ፲፱፻ መስመር ይቆራረጣል። አኃዙን ከማራራቁ ነጥሎ ማውጣት ይገባል።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ፤ በጠባብ ዓምድ ውስጥ በቃላት መካከል የሚከፈተው ቀዳዳ። ጋዜጣና መጽሔት በሁለቱም ዳር እኩል የሆነ ዓምድ ይወዳል። አማርኛ ደግሞ እንደ «እንደማይመለስላቸውም» ያለውን ሙሉ ሐሳብ በአንድ ቃል ይሸከማል። በአንድ መስመር ሦስት ወይም አራት ቃል ብቻ በሚይዝ ዓምድ ላይ እንዲህ ያለው ቃል ሳይገባ ሲቀር በሙሉ ወደ ታች ይወርድና የተረፈው ባዶ ቦታ ለቀሩት ሁለት ሦስት ስፔሶች ይከፋፈላል። መስመር በመስመር ላይ ሲደጋገም ነጭ ቦይ በገጹ ላይ ይወርዳል። ዲዛይነሩ ፎንት ያሳንሳል፣ አራሚው ቃል ይቆርጣል፣ ችግሩ ግን በሚቀጥለው አንቀጽ ይጠብቃቸዋል።

እንግሊዝኛ ይህን የሚያልፈው ቃሉን በጭረት ቆርጦ ነው። እኛ ጋ ምን ነበር? የብራና ጸሐፊ መስመሩ ሲያልቅበት ቃሉን በደረሰበት ፊደል ላይ ትቶ ቀሪውን ወደ ታች ያወርደዋል፤ ጭረትም አይጨምርም። አንባቢው አይደናገርም ነበር፣ ምክንያቱም ቃሉ ማለቁን የሚነግረው ሁለት ነጥቡ ነው። በመስመሩ መጨረሻ ሁለት ነጥብ ከሌለ ቃሉ ይቀጥላል ማለት ነው። ሁለት ነጥብና በየትም ቦታ መስበር አንዱ ሌላውን የሚሸከም አንድ ሥርዓት ነበሩ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ነጥቡን ትተን በባዶ ስፔስ ተካነው፤ ስፔስ ግን በመስመር መጨረሻ ላይ አይታይም። ቃሉ ይለቅ ይቀጥል ማወቂያ ጠፋ፤ ስለዚህ መስበሩም አብሮ ቀረ። በምትኩ ጭረትን አልተቀበልንም፣ ወይም ተቀብለናል ብለን ደንብ አላወጣንም። የአማርኛ ጀስቲፋይ ዓምድ መተንፈሻ ያጣው እዚህ ላይ ነው።

ሶፍትዌሩ በአንጻሩ ከእኛ ቀድሞ ዝግጁ ነው። ቴክ የተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ሥርዓት የሚጠቀምበት የቃል አሰባበር ስብስብ ውስጥ በኢትዮጵያ ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች በሙሉ የተዘጋጀ ፋይል አለ፤ አንድሮይድም የዚህን ዓይነት ፋይል ይዟል። ኢንዲዛይን አማርኛን ስለማያውቅ በራሱ አይሰብርም፣ በእጅ የሚገባ ስውር ጭረት ግን ይቀበላል፦ ቃሉ መስመር መጨረሻ ላይ ሲወድቅ ብቻ የሚታይ፣ ካልሆነ የሚሰወር ጭረት ነው። ተራ ጭረት በእጅ ማስገባት ግን አደጋ ነው፤ አንቀጹ ላይ አንድ ቃል ሲጨመር ጭረቱ መስመሩ መካከል ተገትሮ ይገኛል። የት ይሰበር ለሚለው የእኔ ምርጫ ቢያንስ ሁለት ፊደል በሁለቱም ወገን ማስቀረትና ከተቻለ ከቅድመ ቅጥያው ቀጥሎ መስበር ነው። «እንደ-» ተብሎ «ማይመለስላቸውም» ቢወርድ ያስኬዳል፤ «ም» ብቻዋን ብትወርድ ግን ገጹ ያፍራል።

መስበር ለማይፈልግ አዘጋጅ ሁለት መንገድ ይቀረዋል። አንዱ የኢንዲዛይንን የጀስቲፊኬሽን ቁጥሮች መንካት ነው። ፕሮግራሙ ሲጫን የቃላት ክፍተትን ከ80 እስከ 133 በመቶ፣ የፊደላትን ክፍተት ዜሮ አድርጎ ይመጣል። ፊደሎቻችን ተነጣጥለው የሚቆሙ ስለሆኑ ሁለት ሦስት በመቶ ያህል የፊደል መራራቅ ዓይን አይለየውም፤ ከዚያ ካለፈ ግን በስፔስ ብቻ የሚለዩት ቃላት መቀላቀል ይጀምራሉ። የፕሮግራሙ አቀናባሪም መስመር በመስመር ከሚያየው ይልቅ አንቀጹን በሙሉ የሚያሰላው መሆን አለበት። ይህ አሠራር ዶናልድ ክኑትና ማይክል ፕላስ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት የታወቀ ሲሆን ቴክ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ሌላው መንገድ የቀኙን ዳር ሳያስተካክሉ መተው ነው። ለጠባብ ዓምድ ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ይመስለኛል፤ አዘጋጆች ግን ያልተጠናቀቀ ሥራ ስለሚመስላቸው ይሸሹታል።

ሁለት ነጥብን ያልተዉት የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና አንዳንድ የግዕዝ ጥናቶች ናቸው፤ እዚያ ደግሞ ሶፍትዌሩ ተራውን ያስቸግራል። ዩኒኮድ «፡»ን ከኋላው መስመር ሊሰበርበት የሚችል ሥርዓተ ነጥብ አድርጎ መዝግቦታል እንጂ ስፔስ አላደረገውም። ስለዚህ ጀስቲፋይ ሲደረግ የሚለጠጥ ነገር የለም። ከኋላው ስፔስ ቢጨመር ነጥቡ ወደ ፊተኛው ቃል ተጣብቆ ክፍተቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ በሁለቱም ወገን ተራ ስፔስ ቢጨመር ነጥቡ መስመር መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። ከቴክ ቤተሰብ በሆነው በዚቴክ የሚሠሩ ሰዎች «፡» በመጣ ቁጥር በግራና በቀኙ የሚለጠጥ ክፍተት እንዲገባ ማዘዝ ይችላሉ። በኢንዲዛይን ደግሞ በፈልግና ተካ ከነጥቡ በፊት የማይሰበረውን ነገር ግን የሚለጠጠውን ስፔስ፣ ከኋላው ተራውን ስፔስ ማስገባት ነው። ሁለቱ እኩል ስለሚለጠጡ ነጥቡ መካከል ላይ ይቆማል፣ መስመርም አይከፍትም። ክፍተቱ እጥፍ እንዳይሆን የቃላት ክፍተቱ ወደ 50 በመቶ ገደማ ይውረድ። ረጅም ቃል መስበር ካስፈለገ ጭረት የማያሳየው የመስመር መስበሪያ ምልክት እዚያው ኢንዲዛይን ውስጥ አለ፤ ሁለት ነጥብ ባለበት ገጽ ላይ የብራናው አሰባበር ያለ ምንም መደናገር ይሠራል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ግን እርማቱ ካለቀ በኋላ፣ ለህትመት በተለየው ቅጂ ላይ ነው። ለድረ ገጽና ለስልክ የሚሄደው ጽሑፍ እነዚህ ስፔሶችና የመስበሪያ ምልክቶች ሳይገቡበት ተለይቶ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ቃሉን የሚፈልግ አንባቢ አያገኘውም።